በክሪሚኖሎጂና በወንጀል ፍትሕ ሁለተኛ ዲግሪ፦ ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ምን ማጥናት ይቻላል?

መርማሪዋ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በባሕር ዳር ከተማ በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ የምገኝ ሴት ስሆን የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝሁት በሕግ ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፌ አሁን የትምህርት ዘርፍ መምረጫው ላይ ደርሻለሁ። በወንጀል ሕግ ልቀጥል ወይስ ክሪሚኖሎጂና የወንጀል ፍትሕ ልማር የሚለው ጉዳይ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባልደረቦቼ ሕጉን አጥብቄ ብይዝ እንደሚበቃኝ ይመክሩኛል፤ ምክራቸውን ባከብርም በየዕለቱ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንቀጽ በመጥቀስ የሚመለስ ሆኖ አላገኘሁትም።

አንድ ወጣት ሞባይል ነጥቆ ይያዛል፤ ምርመራው ተጣርቶ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ተፈርዶበት ይታሰራል። ቅጣቱን ጨርሶ በወጣ ብዙም ሳይቆይ በዚያው መንገድ፣ በዚያው የምሽት ሰዓት፣ በዚያው አኳኋን ሲነጥቅ ይያዛል። እኔ የበኩሌን ሠርቻለሁ፤ ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም የበኩላቸውን ሠርተዋል፤ በመንገዱ ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ይህ ለምን እንደሚሆን የሚያስተምር ትምህርት ካለ እርሱን መማር እፈልጋለሁ። የመመረቂያ ጥናቱም ከወዲሁ ያሳስበኛል። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ወደ ገጠር ወረዳዎች ወርዶ መረጃ መሰብሰብ ከባድ ስለሆነ ከከተማዋ ሳልወጣ ልሠራው የምችል ቁም ነገር ያለው ርእስ ይኖር እንደሆነ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መምህር ከፔዳ

እኅታችን፣ ያነሡት ጥያቄ ራሱ ክሪሚኖሎጂ ነው። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን ገና በአንቀጽ 1 ግቡ ወንጀልን መከላከል መሆኑን ይናገራል፤ ይህንንም አስቀድሞ በማስጠንቀቅ፣ ማስጠንቀቂያው ካልበቃም በመቅጣት፣ የተቀጣው እንዲታረምና ሌላው እንዲማርበት በማድረግ እንደሚያሳካው ይገልጻል። የሕግ ተማሪ ይህን መነሻ ተቀብሎ አንቀጾቹን ይተረጉማል። የክሪሚኖሎጂ ተማሪ ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ቆሞ፣ ቅጣቱ በእርግጥ ያርማልን፣ ማንን ያርማል፣ ማንንስ ያብሳል እያለ በማስረጃ ይፈትሻል። ጣሊያናዊው ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ሰውን ከወንጀል የሚያግደው የቅጣቱ መክበድ ሳይሆን አይቀሬ መሆኑ ነው ብሎ ጽፏል፤ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ የተደረጉት ጥናቶችም በአብዛኛው ይህንኑ ይደግፋሉ።

ስለ ነጠቃው ምሳሌዎ ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ምሁራን በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አስተሳሰብ በቀጥታ ይሠራል። እነርሱ እንደሚሉት ወንጀል የሚፈጸመው ለወንጀሉ የተነሣሣ ሰውና የተመቸ ንብረት በአንድ ቦታና ሰዓት ሲገናኙ፣ ጠባቂ ዐይን ደግሞ ሲጠፋ ነው። ፍርድ ቤቱ ከእነዚህ አንዱን ብቻ፣ እርሱንም ለተወሰነ ጊዜ፣ ከመንገዱ ያነሣል። መብራት የሌለው መታጠፊያ፣ ከሐይቁ ዳር መናፈሻ ወጥቶ ስልኩን እያየ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው፣ የተነጠቀውን ስልክ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ነጋዴ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለፖሊስ ከሚደወሉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የመጡት ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ገደማ ከሚሆኑት መሆኑን አሳይቷል። የባሕር ዳር የነጠቃ አቤቱታዎች ሰዓትና ቦታቸው ተለይቶ በካርታ ላይ ቢሰፍር ለእርስዎ የመመረቂያ ጥናት፣ ለከተማዋም የመንገድ መብራት ዕቅድ ይሆናል።

ዐቃቤ ሕግ ከግሽ ዓባይ

የመምህሩን ሐሳብ ባከብርም ካርታው ከመሣሉ በፊት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት እላለሁ። እኔ ከመዝገብ ጋር የምውል ሰው ነኝ። እኅታችንም እንደምታውቀው አንድ የምርመራ መዝገብ ሲከፈት የካርቶኑ ሽፋን ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ የተጠርጣሪው ስም፣ የወንጀሉ ዓይነትና አቤቱታው የቀረበበት ቀን ይጻፋል። ውስጡ የአቤት ባዩ ቃል፣ የምስክሮች ቃል፣ አንዳንዴም የሕክምና ማስረጃ ተያይዞ ይገኛል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በብዙ መዝገብ ላይ አንዲት መስመር ትነበባለች፤ በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 42(1)(ሀ) መሠረት ተዘግቷል የምትል ናት። ሕጉ ይህን የፈቀደው ሰውን ጥፋተኛ ለማስባል የማይበቃ ማስረጃ ይዞ ክስ እንዳይቀርብ ሲሆን ተገቢም ነው። ነገር ግን ከዚያች መስመር በስተጀርባ ያለው ታሪክ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ምስክር ከተማ ለቅቋል፤ ሌላው ፈርቷል፤ አቤት ባይዋ በሽማግሌ ተለምናለች፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመጀመሪያውም የተሳሳተ ሰው ተይዞበት ነው። በቁጥር ሲደመር ሁሉም አንድ መልክ ይይዛል።

ወደ ፖሊስ ያልደረሰውን ወንጀል ደግሞ ማንም መዝገብ አያሳየውም። በአሜሪካ ከ1970ዎቹ፣ በእንግሊዝና ዌልስ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ባለፈው ዓመት ምን ተሰረቀብዎ፣ ማን መታዎት፣ ለፖሊስ ነገሩ ወይ ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ባልተመዘገበውና በተመዘገበው፣ በተመዘገበውና በተከሰሰው፣ በተከሰሰውና በተፈረደበት መካከል ያለው ርቀት ሳይለካ «ወንጀል ቀነሰ» ወይም «ወንጀል ጨመረ» የሚል ሪፖርት ይወጣል። እኔን ጠይቀሽ እንደሆነ አንድ ርእስ እነግርሻለሁ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በከተማዋ የተከፈቱ የስርቆትና የነጠቃ መዝገቦች ከአቤቱታ እስከ ፍርድ የት የት ላይ እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ ተከታትለሽ አጥኚ። ይህን ለማድረግ ከባሕር ዳር መውጣት አያስፈልግሽም፤ ፋይሎቹን ማንበብም ታውቂበታለሽ።

የሽምግልናን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጣ ወንጀል ተበዳዩ ታርቆ አቤቱታውን ቢያነሣ ሕጉ ይቀበለዋል። በሰው መግደል ግን ሽማግሌዎች ደሙን ቢያደርቁም፣ ካሳው ተከፍሎ ሁለቱ ወገን አብሮ በልቶ ቢምልም፣ ክሱ አይቆምም፤ እርቁ ቢበዛ ቅጣቱን ለማቅለል ይጠቀሳል። ችግሩ እርቁ ከወረደ በኋላ ምስክሮች ችሎት ቀርበው «አላየሁም» ማለታቸው ነው። የወንጀል ምስክሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ዛቻን እንጂ ይህን ዓይነቱን ዝምታ ሊያክም የተሠራ አይደለም፤ ምክንያቱም ምስክሩን አፉን ያስያዘው ፍርሃት ሳይሆን ለሽማግሌ የሰጠው ቃል ነው። በአስገድዶ መድፈር ጉዳይ ላይ ደግሞ ነገሩ እጅግ ያሳዝናል። ወንጀሉ አቤቱታ በማንሣት የሚቆም አይደለም፤ ነገር ግን ልጅቱ ሳትጠየቅ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይታረቅና መዝገቡ ባዶውን ይቀራል።

ጡረተኛ ዳኛ

ልጄ፣ ዐቃቤ ሕጉ የነገረሽ እውነት ነው፤ እኔም በችሎት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርለት። ወደ ባህላዊው ሥርዓት ስትገቢ ሁሉ መልካም ነበር ከሚል አዝማሚያ ተጠበቂ። አባቶቻችን ሌባ ሲጠፋባቸው አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ሌባው እስኪጠቆም ከዚያ አይለይም፤ ካልተገኘም የተሰረቀውን አገሩ አዋጥቶ ይከፍል ነበር። ለማኅበረሰቡ ኃላፊነት የሚሰጥ መሆኑ ዛሬም ይማርከናል። ነገር ግን ቀኑ ሲረዝምና እርሻው ሲጠራ ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ ዘመድ በሌለው ላይ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቢሆን ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው፤ የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን በር ዘጋው። የዘጋውም ሕግ አውጪው አንድ ቀን ስለ ነቃ ሳይሆን ሴቶች ራሳቸው ለዓመታት ስለ ጮኹ ነው። የወንጀል ፍትሕን የምታጠኚ ከሆነ ሕግ የሚለወጥበትን ይህን መንገድ አትዝለዪው።

ሌላም ርእስ ልጠቁምሽ። በአንድ ዓይነት ወንጀል በዚህ ችሎት 3 ዓመት፣ በዚያኛው 8 ዓመት ይፈረድ ነበርና የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሽሎ መመሪያ ቁጥር 2 ሆነ። መመሪያው የወንጀሉን ደረጃ አውጥቶ፣ ቅጣቱን ከደረጃው አንብቦ፣ ማክበጃና ማቅለያውን በቁጥር እንዲያሰላ ዳኛውን ይመራዋል። ልዩነቱ በእርግጥ ጠበበ ወይ? ወይስ ልዩነቱ ከቅጣቱ ተነሥቶ ደረጃ ወደ ማውጣቱ ተሻገረ? ውሳኔዎቹ በጽሑፍ ስላሉ ይህ ሊጠና የሚችል ነገር ነው፤ እስከማውቀው ድረስም ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል።

መርማሪዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የደረጃ አወጣጡን ነገር እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ግን ይከነክነኛል። ፋይሉ ብቻ እንደማይበቃ ከዐቃቤ ሕጉ ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ በማረሚያ ቤት ያሉ ወጣቶችን ማነጋገር ይኖርብኛል። እኔ ግን ፖሊስ ነኝ። እነርሱ እኔን እንደ ተመራማሪ አይተው ሊነግሩኝ ይችላሉን? ያልተያዙበትን ወንጀል ቢነግሩኝስ ምን አደርጋለሁ?

በዚሁ ትምህርት የተመረቀች

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ሌላው ተማሪ ዘግይቶ የሚደርስበት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 መሠረት በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን ያወቀ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሳያስታውቅ ቢቀር ይቀጣል፤ አንቀጹ ተመራማሪን ለይቶ አላወጣም። ሐኪምና የንስሐ አባት ያላቸው ዓይነት የምስጢር ጥበቃ ለእኛ በሕግ አልተሰጠንም። ስለዚህ የቃለ መጠይቅ መሪ ጥያቄዎችሽን ስታዘጋጂ ያልተገለጠ ወንጀል የሚያስነግር ጥያቄ ከመጀመሪያው አታስገቢ። ስለ ተፈረደበት ጉዳይ፣ ከዚያ በፊት ስለነበረው ኑሮ፣ ስለ ትምህርት ማቋረጥ፣ ከገጠር ስለ መምጣት፣ ከወጣ በኋላ የት እንደሚያድር ጠይቂ። ፈቃድ ስትጠይቂም ምስጢሩ የሚጠበቀው እስከምን ድረስ እንደሆነ በግልጽ፣ በሚገባው አማርኛ ንገሪው።

ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በአካባቢው ካለ ፈቃድ ማለት ፈቃድ አይደለም። ታራሚው እምቢ ብል አመክሮዬን ይከለክሉኛል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ እሺ ብል ይጠቅመኛል ብሎም ሊያስብ ይችላል። ሁለቱም መልሱን ያጣምሙታል። እንግዲህ ፖሊስ መሆንሽን ልትደብቂው አትችዪም፤ ልትደብቂውም አይገባም። የምትችዪው ራስሽ በመረመርሻቸው ጉዳዮች የተፈረደባቸውን ሰዎች ከጥናቱ ማስወጣት፣ ቃለ መጠይቁንም በሌላ የሠለጠነ ሰው ማስደረግ ነው። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው አስቀድሞ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፤ ከአማካሪሽ ጋር ተነጋግረሽ በጽሑፍ ይዘሽ ቅረቢ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ

ከእስር በወጡ ሰዎች ዙሪያ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ ስለ «ዳግም ወንጀለኝነት» ስትጽፉ ሰውየው ወጥቶ የት እንደሚሄድ አትርሱ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 አንድ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ሲጨርስ፣ ጠባዩም ተሻሽሎ ሲገኝ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱ ነው። በሰው መግደል የታሰረ ሰው ካሳ ሳይከፍልና ሳይታረቅ ወደ ቀዬው ቢመለስ ደመኛው ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ አይመለስም። መሬቱን ወንድሙ ያርሰዋል፤ እርሱ ባሕር ዳር ቀርቶ በቀን ሥራ ይውላል፣ ለመኝታ በአልጋ ሂሳብ ይከፍላል፣ የሚያውቀውም ሰው አብሮት ታስሮ የነበረውን ብቻ ነው።

ሳምፕሰንና ላውብ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቀደም ሲል በቦስተን ወንጀለኛ ከነበሩ 500 ወጣቶች የተሰበሰበውን መረጃ እንደገና ተንትነው፣ ሰው በዕድሜው መካከል ከወንጀል የሚወጣው በአብዛኛው ጽኑ ትዳርና ቋሚ ሥራ ሲይዝ እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ እዚህ ይሠራል ወይ የሚለውን ማንም በቁም ነገር የጠየቀ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ እርቅ ራሱ እንደ ትዳርና እንደ ሥራ የሕይወት መታጠፊያ ሊሆን ይችላል፤ የታረቀውና ያልታረቀው ከእስር ሲወጡ ኑሯቸው እንዴት እንደሚለያይ ቢነጻጸር ለማረሚያ ቤቱም ለሽማግሌዎቹም ይጠቅማል። ይህ ሥራ የሕግ ሰው ብቻውን የሚወጣው ስላልሆነ ከሶሺዮሎጂ ወይም ከማኅበራዊ ሥራ የሚመጣ ሁለተኛ አማካሪ ይኑርሽ።

ከሐይቁ ዳር

ወንጀል ሲባል ሁላችንም ስለ ከተማው እያወራን ነውና ሐይቁንም አስታውሱት። ከአንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው ሞኖፊላመንት መረብ ጫጩቱን ከእናቱ ሳይለይ ይጠርጋል። በጣና ብቻ የሚገኙት ላቤኦባርበስ የተባሉት የዓሣ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጡ አጥማጁ የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። የዓሣ ሀብት አዋጁ ቁጥር 315/1995 በእጃችን አለ፤ የሚያስፈጽመው ጀልባና ሰው ግን ከሐይቁ ስፋት ጋር አይመጣጠንም። በአካባቢ ላይ የሚፈጸምን ወንጀል የሚያጠናው ዘርፍ በሌላው ዓለም ራሱን ችሏል። ከገዳማቱ የሚሰረቀው ብራናና መስቀልም እንዲሁ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። ለእኅታችን ግን አንድ ነገር ልንገራት፤ በሐይቁ ካሉት ገዳማት አንዱ የሆነው ክብራን ገብርኤል ለሴት ስለማይፈቀድ ርእሱን ከመምረጧ በፊት መረጃው በየት በኩል እንደሚገኝ ታስብ።

መምህር ከፔዳ

ዐቃቤ ሕጉ ስለ ቁጥሩ አመጣጥ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ካርታውና የፋይሉ ክትትል አብረው ቢሄዱ ይሻላል። ስለ ትምህርት ክፍሉም አንድ ነገር ልጨምር፦ በአገራችን ይህ ትምህርት እንደየተቋሙ በሕግ፣ በሶሺዮሎጂ፣ በማኅበራዊ ሥራ ወይም ሰንዳፋ እንዳለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ በፖሊስ ሳይንስ በኩል ይሰጣል። የዘንድሮውን ዝርዝር ከሬጅስትራር ያረጋግጡ፤ ከስሙ ይልቅ የኮርሶቹን ዝርዝር ያንብቡ። የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ በበቂ ሰዓት የማይሰጥበት ከሆነ ስሙ ክሪሚኖሎጂ ቢሆንም የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ውጤቱ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ በሚኒያፖሊስ የተደረገ ሙከራ ሚስቱን የመታ ሰው ቢታሰር ከመመከርና ለጊዜው ከቤት ከመራቅ ይልቅ ድብደባውን እንደሚቀንስ አሳየና ብዙ ከተሞች የፖሊስ መመሪያቸውን በዚህ ለወጡ። ሙከራው በሌሎች ከተሞች ሲደገም ውጤቱ ተለያየ። በሚልዋኪ እስሩ ሥራ ያላቸውን ከድብደባው ሲያግዳቸው ሥራ የሌላቸውን ግን አባሳቸው። እዚያው አገር ከከተማ ከተማ እንዲህ ከተለያየ ከውጭ የመጣን ግኝት ለአማራ ክልል ፖሊስ ሳይፈትኑ መምከር በሴቶች ላይ አደጋ ማምጣት ነው። ይህን የሚፈትን ሰው ያስፈልገናል፤ ከምርመራ ክፍል የመጣ ሰው ደግሞ ጥያቄውን ከእኛ ከመምህራኑ ይልቅ ያውቀዋል።

መርማሪዋ

ክሪሚኖሎጂውን መርጫለሁ። ርእሴን ከነጠቃና ከስርቆት አላስወጣውም፤ ዐቃቤ ሕጉ እንደመከሩኝ በከተማዋ በአንድ ዓመት ውስጥ የተከፈቱትን መዝገቦች ከአቤቱታ እስከ መጨረሻ ውሳኔ እከታተላለሁ፤ በ42(1)(ሀ) የተዘጉትንም ከፋይሉ ውስጥ ካለው ቃል ተነሥቼ እንደ ምክንያታቸው እለያቸዋለሁ። እኔ የመረመርኋቸው መዝገቦች ከናሙናው ይወጣሉ። ታራሚዎቹን የሚያነጋግር ሌላ ሰው ማኅበራዊ ሠራተኛው ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። የቀረኝ ፋይሎቹን ለማየት የምጠይቀው ፈቃድ ነው፤ ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲው ለማን ቢጻፍ ይሻላል?

ዐቃቤ ሕግ ከግሽ ዓባይ

ሁለት ደብዳቤ አጽፊ። አንዱ ለፖሊስ መምሪያው፣ አንዱ ለዐቃቤ ሕግ ቢሮው ይሁን፤ ምክንያቱም የተዘጋው መዝገብ አንዳንዴ በዚህኛው፣ አንዳንዴ በዚያኛው መዝገብ ቤት ይቀመጣል። በደብዳቤው ላይ የመዝገብ ቁጥር እንጂ ስም እንደማትወስጂ፣ ፋይሉን ከክፍሉ እንደማታወጪ፣ ፎቶ እንደማታነሺ በግልጽ ይጻፍበት። የምትሞዪውን ቅጽ አዘጋጅተሽ አብረሽ አያይዢው። ኃላፊው ምን ዓይነት መረጃ እንደምትወስጂ በዐይኑ ካየ ለመፍቀድ አይቸገርም። ከዚያ በፊት ግን ለሙከራ ጥቂት መዝገቦች ላይ ቅጹን ሞክሪው፤ የተዘጋበት ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ የማይገባ ታሪክ እንደሚገጥምሽ ከአሁኑ እነግርሻለሁና «ሌላ» የሚለውን ቦታ አስፍተሽ ተዪው።